ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል? ፈቃድ ሻጩ የወንዙ ዳኛ ሲሆን

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አባቶቻችን። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከምርጫውም ከጦርነቱም ከሥልጣን ሽኩቻውም ራቅ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ አሸዋ፣ ስለ ጠጠር፣ ስለ ወርቅና እነዚህ ሁሉ ስለሚወጡበት ወንዝ ነው። እስከ መጨረሻው ከተከተላችሁኝ ግን ጥያቄው ለዓመታት ስንጠይቀው የኖርነው ያው ጥያቄ መሆኑን ታያላችሁ። ሥልጣን የያዘውን ማን ይጠይቀዋል? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። አገር ቤት ላሉት አጎቴ ደውዬ እንደ ልማዳችን ከብቱን፣ ዝናቡን፣ ጤናውን ጠየቅኋቸው። "እኛስ ደህና ነን፣ ጉድጓዳችን ግን ደረቀ" አሉኝ። ዝናቡ ጠፍቶ ነው ወይ አልኳቸው። "ዝናቡስ ነበር፤ ወንዙን ጭነው ወሰዱት እንጂ!" አሉ። መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ለካ ከመንደሩ ግርጌ ያለውን የወንዝ አሸዋ ሲኖትራክ ሌት ተቀን ሲያግዝ ከርሞ ነው። "ታዲያ አላመለከታችሁም?" ብላቸው፣ "ለወረዳው አመለከትን። ወረዳውም ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ሕጋዊ ነው ብሎ መለሰን" አሉኝ። የወንዙንም የወረዳውንም ስም አልጠቅስም። ብጠቅሰው አንድ ወረዳ ብቻ የተበደለ ሊመስል ነው፤ ችግሩ ግን የሥርዓት ነው።

አሸዋው ሲሄድ ምን አብሮ ይሄዳል?

ብዙዎቻችን አሸዋን የምናውቀው ከሲሚንቶ ጋር ተቦክቶ ነው። ወንዝ ውስጥ ያለ አሸዋ ግን የውሃ ጎተራ ነው። የክረምቱ ጎርፍ በአሸዋው መካከል ሰርጎ ይቀመጣል፤ በበጋ እናቶቻችን በእጃቸው ጭረው የሚቀዱት እሱን ነው። አሸዋው ከመጠን በላይ ሲዛቅ የወንዙ ወለል ይወርዳል። ወለሉ ሲወርድ በግራና በቀኝ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ተከትሎት ይወርዳል፤ የመንደሩ ጉድጓድም ይደርቃል። የወንዙ ዳር ይናዳል፤ ማሳ ይቆረሳል፤ የድልድይ እግር ይራቆታል። የተተወው ጉድጓድ ደግሞ ውሃ ያቁርና ወይ የወባ ትንኝ ይፈለፈልበታል፣ ወይ ዋና የማያውቅ እረኛ ይሰጥምበታል። ኮረብታ ተንዶ ጠጠርና ድንጋይ ሲወጣም እንዲሁ ነው። አፈሩ ተገፍፎ የቀረው ገደል ክረምት በመጣ ቁጥር ደለሉን ወደ ታች ይሰዳል።

ይህ ሁሉ ወጪ ነው። በአሸዋው ዋጋ ውስጥ ግን የለም። ከተማ ላይ ፎቅ የሚሠራው ባለሀብት የሚከፍለው የጫኚውን፣ የመኪናውንና የደላላውን ነው። የጉድጓዱን የሚከፍሉት አጎቴ ናቸው። ይህን ወጪ ከአጎቴ ትከሻ አንሥቶ በአውጪው ላይ የሚጭን አንድ ኃይል ብቻ አለ፤ እሱም ከማዕድኑ ሽያጭ ምንም የማይጠቀም ተቆጣጣሪ ነው። የዛሬው ክርክሬ በሙሉ እዚህች ላይ ነው።

ጠጠር ለማውጣት የውሃ መሥሪያ ቤት ምን አገባው?

እኔ የምኖረው ኦስሎ ነው። የከተማው ነዋሪ ከሚጠጣው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከከተማው በስተሰሜን ካለው የማሪዳል ሐይቅ ነው። በጋ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ኖርዌጂያን ያገኙት ውሃ ውስጥ ሁሉ ዘለው ይገባሉ፤ እዚያ ሐይቅ ውስጥ ግን መዋኘት ክልክል ነው። ሕጉ ለሚኒስትርም ለስደተኛም አንድ ነው። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ሐይቅ ምን ይባላል ብዬ ስቄያለሁ። ዛሬ አልስቅም።

በዚሁ ከተማ ማዮርስቱዋ ሰፈር የኖርዌይ የውሃ ሀብትና የኢነርጂ ዳይሬክቶሬት አለ። የተቋቋመው በ1921 ነው። ሥራው የኤሌክትሪክ ግድብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2000 የወጣው የውሃ ሀብት ሕግ ከወንዝ ውስጥ ጠጠርና አሸዋ ማውጣትንም በግልጽ ያካትታል። ከወንዝ የሚዛቅ ነገር ወንዙን የሚጎዳ ከሆነ አውጪው በዚህ በውሃ መሥሪያ ቤት ደጅ ማለፍ አለበት። ጠጠሩ ድንጋይ ነውና ለድንጋይ መሥሪያ ቤት ብቻ ይተው አልተባለም። የውሃው ባለሙያ የሚጠይቀው ስንት ሜትር ኩብ ይወጣል፣ ምን ያህል ገንዘብ ያስገኛል ብሎ አይደለም። ወንዙ ነገ ወዴት ይሄዳል፣ ዳርቻው ይቆማል ወይ፣ ዓሣው የት ይራባል፣ ጎርፍ ሲመጣ ማንን ይወስዳል ብሎ ነው።

ለየብሱ ቁፋሮ ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት አለ፤ መቀመጫው ትሮንድሃይም ነው። ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የማዕድን ሕግ መሠረት በጠቅላላው ከ10,000 ሜትር ኩብ በላይ የሚያወጣ፣ አሸዋና ጠጠርም ቢሆን፣ የማምረት ፈቃድ ያስፈልገዋል። የማምረቻ ዕቅድ ያቀርባል፤ ሥራው ሲያልቅ መሬቱን አስተካክሎና አጽድቶ የመሄድ ግዴታ አለበት፤ ለዚህም የገንዘብ ዋስትና እንዲያስይዝ ይጠየቃል። ዋስትናው ዋናው ነገር ነው። ማዕድን አውጪ ጉድጓዱን እደፍናለሁ የሚለው ጉድጓዱ ገንዘብ እስከሰጠው ድረስ ነው። ካለቀ በኋላ ኩባንያው ይከስራል፣ ስሙን ይለውጣል፣ ወይም አውሮፕላን ይሳፈራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ገንዘቡ ቀድሞ ይያዛል።

ኖርዌጂያን ይህን ትምህርት በነፃ አላገኙትም። ፎልዳል በምትባል መንደር ከ1748 ጀምሮ መዳብ ሲወጣ ኖሯል። የመንደሩ ማዕድን ሥራውን ካቆመ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል፤ ከአሮጌው ዋሻና ከተከመረው ድንጋይ የሚወርደው አሲድና ብረት ያዘለ ውሃ ግን ዛሬም ፎላ ወንዝን ይበክላል። ሮሮስ ላይ የመዳብ ሥራው በ1644 ተጀምሮ በ1977 በኪሳራ ተዘጋ። ኪሳራው ያለቀው ለኩባንያው ነው፤ ለወንዙ አላለቀም። ትርፉን የበሉት ሰዎች አጥንታቸው እንኳ የለም፤ የማጽዳቱ ሸክም የወደቀው በዛሬው ግብር ከፋይ ላይ ነው።

ኖርዌይም ጻድቅ አይደለችም

ስደተኛ ሁሉ የተጠጋበትን አገር ገነት አድርጎ የመሳል አመል አለበት። እኔ ግን ሐቁን ልናገር። በምዕራብ ኖርዌይ ኤንገቦ ከሚባል ተራራ ሩታይል የተባለ ማዕድን ለማውጣት ለተነሣ ኩባንያ፣ መንግሥት በ2015 የማዕድን ዝቃጩን ፎርደ ፊዮርድ ውስጥ እንዲደፋ ፈቀደ። በዓለም ላይ ዝቃጭ ወደ ባሕር መድፋት የሚፈቅዱ አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ኖርዌይ አንዷ ናት። ዓሣ አጥማጆች ጮኹ፣ ወጣቶች ራሳቸውን ከመቆፈሪያ ማሽን ጋር በሰንሰለት አሠሩ፣ ፖሊስ እያነሣ ወሰዳቸው።

ከእኛ የሚለየው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሁለት የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት የራሳቸውን መንግሥት እዚሁ ኦስሎ ፍርድ ቤት ገተሩት። በጥር 2024 ተረቱ። ይግባኝ አሉ። የይግባኙ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ሉክሰምበርግ ላለው የኤፍታ ፍርድ ቤት መራው፤ ያም ፍርድ ቤት በመጋቢት 2025 በሰጠው አስተያየት ገንዘብ ያስገኛል የሚል ምክንያት ብቻውን ውሃን ለማበላሸት በቂ የሕዝብ ጥቅም ሊባል እንደማይችል ገለጸ። ልብ በሉ! ከሳሾቹ "ፀረ ልማት" ተብለው አልታሰሩም። ማኅበራቸው አልተዘጋም። የኖርዌይ መንግሥት ከሌላው መንግሥት የተሻለ መልአክ ስለሆነ አይደለም፤ የሚጠይቀው ስላለ ነው።

የእኛ ሕግ በወረቀት ላይ

ወደ አገራችን እንመለስ። ሕግ የለንም የሚል ካለ ተሳስቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። አንቀጽ 92 ሕዝቡ አካባቢውን በሚመለከት ጉዳይ ሐሳቡን ይሰጥ ይላል። አንቀጽ 51 ከአንድ ክልል በላይ የሚያቋርጡ ወንዞችን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። በ2000 የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ወጣ፤ በ2002 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅና የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ተከተሉ። በ2010 የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ደግሞ ለተቆፈረው መሬት ማገገሚያ ገንዘብ እንዲመደብ ያዛል። ወረቀቱን ብቻ ላነበበ ሰው ከኖርዌይ ብዙም አንርቅም።

ታዲያ ቀዳዳው የት ነው? ሦስት ቦታ ነው።

አንደኛ፣ በ2009 የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ የተፅዕኖ ግምገማ የማጽደቅ ሥልጣኑን ለየዘርፉ መሥሪያ ቤቶች በውክልና አሳልፎ ሰጠ። የማዕድን ፕሮጀክት ግምገማ ለማዕድን ሚኒስቴር ሆነ። ማዕድን በብዛት እንዲወጣ የተቋቋመ፣ የሚመሰገነውም የሚወቀሰውም በወጣው ማዕድን መጠን የሆነ መሥሪያ ቤት፣ ይኸ ማዕድን ባይወጣ ይሻላል ብሎ ራሱን እንዲከለክል ተጠየቀ ማለት ነው። በየትኛው አገር ነው ነጋዴ የራሱን ሚዛን የሚያትመው?

ሁለተኛ፣ የአሸዋ፣ የጠጠርና የድንጋይ ፈቃድ በአዋጁ መሠረት የሚሰጠው በክልሎች ነው፤ በተግባርም እስከ ወረዳ ይወርዳል። ወንዙ ግን ክልል አያውቅም። አንዱ ክልል አሸዋውን ሸጦ ገቢውን ይሰበስባል፤ ናዳውና ደለሉ የሚደርሰው ከታች ላለው ነው። በመካከል ሆኖ "ቆይ" የሚል የተፋሰስ ባለሥልጣን ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ያ ባለሥልጣን አንድ ቦታ ቆሞ አያውቅም። በንጉሡ ዘመን፣ በ1962፣ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ሲቋቋም አገሪቱ በአፍሪካ ከቀደሙት አንዷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በየሥርዓቱ ስሙና ተጠሪነቱ ተለዋወጠ። በ2007 የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት አዋጅ ወጣ፤ በ2018 ሁሉም ተጠቅልለው አንድ የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ሆኑ፤ በ2021 እሱም ፈርሶ ሥራው ወደ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ገባ። የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላ ማኅተም ይቀረጻል። በዚህ መካከል የትኛው መሐንዲስ ነው ወንዝ ዳር ወርዶ የአሸዋ ጉድጓድ የሚለካው?

ለገደንቢና አብያታ

ዳኛ ሲጠፋ የሚሆነውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጉጂ ውስጥ ሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ተሸጠ፤ ፈቃዱም የ20 ዓመት ነበር። ነዋሪው ውሃችን ተበከለ፣ እናቶች ያስወርዳቸዋል፣ ሕፃናት አካላቸው ጎድሎ ይወለዳሉ፣ ከብት ይሞታል እያለ ለዓመታት ጮኸ። በ2018 ፈቃዱ ለተጨማሪ 10 ዓመት መታደሱ ሲሰማ ሕዝቡ ወጥቶ መንገድ ዘጋ፤ በተቃውሞውም በግንቦት ወር ፈቃዱ ታገደ። ጎበዝ፣ ፈቃዱን ያሳገደው የውሃ መሥሪያ ቤት አይደለም፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም አይደለም። ሰልፍ ነው። በ2021 ማዕድኑ እንደገና ተከፈተ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2023 ባወጣው ዘገባ ጥናቶች ተደርገው ሳለ ለሕዝቡ አለመገለጣቸውን፣ ጉዳቱም ሳይታረም ሥራው መቀጠሉን አጋልጧል። የገዛ ደሙ ተመርምሮ ውጤቱን የማይነገረው ሕዝብ ምን ዓይነት ዜጋ ነው?

አብያታ ሐይቅ ደግሞ ሌላው ምስክር ነው። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው፤ ነገር ግን በደርግ ዘመን መጨረሻ ውሃውን እየሳበ ሶዳ አሽ የሚያመርት ፋብሪካ ተተከለበት። በላይ በኩል ደግሞ ወደ እሱ የሚፈስሰው የዝዋይና የቡልቡላ ውሃ ለመስኖ ተጠለፈ። ሐይቁ ሸሸ፣ ዓሣው አለቀ፣ ዓሣ ፍለጋ ከሻላ እየበረሩ ይመጡ የነበሩት ይብራዎችም ቀሩ። ፋብሪካው ፈቃድ ነበረው። መስኖውም ፈቃድ ነበረው። የሁለቱን ድምር የሚያሰላ ግን አልነበረም።

አሁን ደግሞ የባሰ እየመጣ ነው። በሐምሌ 2024 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለብሔራዊ ባንክ የሚቀርበው ወርቅ እንደ ጎርፍ ጎረፈ። በ2024/25 የበጀት ዓመት ወርቅ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ቡናን አልፏል። ከዚህ ብዙው የመጣው በባሕላዊ መንገድ ከሚያወጡ ነው፤ ከቤኒሻንጉል፣ ከጋምቤላ፣ ከትግራይና ከኦሮሚያ ወንዞች ዳር። ባንኩ ወርቁን በግራም ይመዝናል። ወርቁን ለመያዝ የፈሰሰውን ሜርኩሪ በግራም የሚመዝን ማን ነው? እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?

"ወጣቱ ምን ይብላ?"

ይህን ሐሳብ ግሩንላንድ ሰፈር ቡና ስንጠጣ ለአንድ ወዳጄ ባነሣለት ተቆጣኝ። "አንተ ኦስሎ ተቀምጠህ ንጹሕ ውሃ እየጠጣህ ነው። ሥራ ያጣ ወጣት በማኅበር ተደራጅቶ አሸዋ ጭኖ ቢበላ ምን አስቀናህ?" አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሸፋፍኜ አላልፈውም።

አሸዋ የሚዝቀው ልጅ ጠላቴ አይደለም። እሱም እንደ አጎቴ ተበዳይ ነው፤ ወንዙ ካለቀ መጀመሪያ ሥራ የሚያጣው እሱ ነው። የምለው አሸዋ አይውጣ አይደለም። ወንዝ በየዓመቱ አዲስ አሸዋ ያመጣል፤ የሚያመጣውን ያህል ቢወሰድበት አይሞትም። ከድልድይና ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት፣ እስከ ምን ጥልቀት እንደሚዛቅ፣ በየትኛው ወር እንደሚቆም የሚወስን ባለሙያ ይኑር ነው የምለው። ደግሞም ሐቁን እንነጋገር፤ ከአንድ ሲኖትራክ አሸዋ ጫኚው ልጅ የሚያገኘው ስንት ነው? ደላላው፣ ባለ መኪናውና ባለ ማኅተሙ የሚወስዱትስ? በወጣቱ ስም የሚነገደው ንግድ ወጣቱን አላበለጸገም።

ምን ይደረግ?

ትችት ብቻ ጽፎ መሰናበት የለመድነው ነው። እኔ ግን የሚከተለውን አቀርባለሁ።

1ኛ/ የማዕድን ፕሮጀክት የአካባቢ ግምገማ ከማዕድን ሚኒስቴር እጅ ይውጣ። ፈቃድ ሰጪና ገምጋሚ አንድ አይሁኑ።

2ኛ/ የተፋሰስ ባለሥልጣን ተጠሪነቱ ለሚኒስትር ሳይሆን ለተወካዮች ምክር ቤት ሆኖ እንደገና ይቋቋም፤ ከወንዝ ወይም ከወንዝ ዳር የሚወጣ ማዕድን ሁሉ ያለ እሱ ይሁንታ ፈቃድ አያግኝ።

3ኛ/ የማገገሚያው ገንዘብ የመጀመሪያው አካፋ ከመነሣቱ በፊት በዝግ ሒሳብ ይያዝ። ለትንንሾቹ ማኅበራት በአንድ መኪና ጭነት ጥቂት ብር ቢቆረጥ በቂ ነው፤ ገንዘቡም ለዚያው ቀበሌ ጉድጓድና እርከን ይዋል።

4ኛ/ የውሃና የጤና ምርመራ ውጤት ሁሉ ሕዝቡ በሚያውቀው ቋንቋ ይታተም። የለገደንቢው ይቅደም።

ይህን መንግሥት ዛሬ ይሰማል ብዬ ራሴን አላታልልም። እኛ በውጭ ያለነው ግን ባዶ እጃችንን አይደለንም። መቀመጫው ኦስሎ የሆነው ያራ፣ የኖርዌይ መንግሥት ከሦስት እጅ አንድ በላይ ድርሻ ያለበት ኩባንያ፣ በ2017 በአፋር ዳሎል ፖታሽ ለማምረት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተፈራርሞ ነበር። ዕቅዱ በዓመት 600,000 ቶን ነበር፤ ዘዴውም ጨውን ከመሬት ውስጥ በውሃ አሟሙቶ ማውጣት ነው። ምርት ሳይጀምር ለዓመታት ቆመ። ለመሆኑ ያኔ ስንቶቻችን ነን በዚያ ደረቅ በረሃ ውሃው ከየት ይመጣል፣ የአፋሩ አርብቶ አደርስ ተጠይቋል ወይ ብለን የጻፍን? ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በኖርዌይ የሚሠራ የግልጽነት ሕግ አለ። ማንም ሰው ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ሥራህ በሰብዓዊ መብት ላይ ምን ጉዳት ያደርሳል ብሎ በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ኩባንያውም በመሠረቱ በሦስት ሳምንት ውስጥ መመለስ አለበት። ዜግነት አይጠየቅም።

የነዳጅ ፈንዱ የሥነ ምግባር ምክር ቤትም እዚሁ ነው። በእሱ ምክር ፈንዱ በ2006 ፍሪፖርትን፣ በ2008 ሪዮ ቲንቶን፣ ከዚያም ባሪክ ጎልድን አስወጣ። ምክንያቱ በኢንዶኔዥያና በፓፑዋ ኒው ጊኒ የማዕድን ዝቃጭ ወንዝ ውስጥ መደፋቱ ነው። ሪዮ ቲንቶ የተመለሰው ከዚያ ማዕድን ድርሻውን ሸጦ ከወጣ በኋላ በ2019 ነው። የሩቅ ሕዝብ ወንዝ ኦስሎ ላይ ዳኛ ያገኘው መረጃውን በትዕግሥት ሰብስቦ ያቀረበ ሰው ስለነበረ ነው። የእኛን ወንዞች መረጃ ማን ይሰብስብ? ማኅበሮቻችን ለአዳራሽ ኪራይና ለዘፋኝ ከሚያወጡት ጥቂቱን ለውሃ ምርመራ ቢያውሉት አገር ያመሰግናቸዋል።

አጎቴን ሰሞኑን መልሼ ደወልኩላቸው። ይህን ሁሉ በአጭሩ ነገርኳቸው፤ ስለ ማሪዳል ሐይቅ፣ መዋኘት ስለ መከልከሉ። ረጅም ዝም ካሉ በኋላ፣ "እሱ ሐይቅ ጠባቂ አለው ማለት ነው" አሉ። "አዎ" አልኳቸው። "የእኛማ የሚጠበቀው ከእኛ ነው" አሉኝ። ውሃ ለመቅዳት አሁን ሌላ ቀበሌ ድረስ በአህያ ይሄዳሉ።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት ተረት ብቻ ሆኖ እንዲቀር እግዚአብሔር ይርዳን። ቸር እንሰንብት።

ከኦስሎ፣ ኖርዌይ